ቤት ያስገቡን ሰዎች

የዩኒቨርሲቲ ተማሪ በነበርኩበት ዘመን፣ በ1990ዎቹ አጋማሽ፣ የሰኔ ፈተና ሲያልቅ ግቢው ባንዴ ጭር ይላል። ተማሪው ሻንጣውን ጠቅልሎ፣ ብርድ ልብሱንና ፍራሹን አስረክቦ፣ አገሩ ለመግባት መናኸሪያ ይሰለፋል። ከክርስቲያን ተማሪዎች ኅብረታችን ስም ያስመዘገብነው ግን ክረምቱን ለሌላ ጉዳይ አስቀምጠነው ነበር። እኛ ዘንድ «ስርጭት መውጣት» ይባላል። ሥልጠና ወስዶ፣ ጥንድ ጥንድ ተመድቦ፣ ወደማያውቁት ከተማ ሄዶ፣ ለማያውቁት ሰው ስለ ጌታ ኢየሱስ መመስከር ነው።

ከዚያ ወዲህ ተመርቄያለሁ፣ ሥራ ይዣለሁ፣ ልጆች ወልጃለሁ። ስለ እምነቴ ከሰው ጋር የማወራበትን መንገድ የቀረጸው ግን ያ ክረምት ነው። ወንጌል ይዞ የሚሄድ ሰው ከሁሉ በፊት የሰው ቤት እንግዳ መሆኑን የተማርኩት ያኔ ነው። እንግዳ አፉን ከመክፈቱ በፊት «ቤት ለእንግዳ» የሚለው ሰው ያስፈልገዋል። አገራችን ደግሞ ይህን ቃል አትነፍግም። በራቸውን አንኳኩተን የገባነው እኛ ሆነን ሳለ መጀመሪያ የሰጡን እነሱ ናቸው፤ መቀመጫ ሰጡን፣ ቡና ሰጡን፣ ጊዜያቸውን ሰጡን፣ ብዙዎቹም የልባቸውን አጫወቱን።

ሥልጠናው አዲስ አበባ ውስጥ፣ በአንድ ቤተ ክርስቲያን አዳራሽ ነበር። ማታ ማታ አግዳሚ ወንበሩ ወደ ግድግዳ ይገፋና ፍራሽ ይነጠፋል፤ ሲነጋ ፍራሹ ይሰበሰብና ወንበሩ ይመለሳል። ጠዋት ጸሎት፣ ከዚያ ትምህርት፣ ከሰዓት ልምምድ። ልምምዱ ላይ አንዳችን መስካሪ አንዳችን ሰሚ ሆነን እንቀመጣለን። የግል ምስክርነታችንን በሦስት ክፍል እንድናዘጋጅ ተነገረን፤ ጌታን ከማወቄ በፊት ሕይወቴ ምን ይመስል ነበር፣ እንዴት አወቅሁት፣ ከዚያ በኋላ ምን ተለወጠ። ሁሉም በሦስት ደቂቃ ማለቅ አለበት። «ሰው መንገድ ላይ ነው ያለው፤ ዘመዱ ታሞ ሆስፒታል እየሄደ ይሆናል፤ የሰው ጊዜ አታባክኑ» ይሉን ነበር አሠልጣኛችን።

አሠልጣኛችንን ሁላችንም ጋሼ ነበር የምንላቸው። ጸጉራቸው የሸበተ፣ ድምፃቸው ዝግ ያለ፣ ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው። አንዱ ልጅ ተነስቶ ምስክርነቱን ሲለማመድ «ከዚያ ጌታን ተቀበልኩ» ካለ ያስቆሙታል። «እናትህ ይህን ብትሰማ ምን ይገባታል?» ይሉታል። ልጁ ያስባል። «ያው... ሕይወቴን ሰጠሁት ማለቴ ነው» ይላል። «እንዴት ሰጠኸው? የት ቁጭ ብለህ? ምን ብለህ? እሱን ንገራት» ይሉታል። ልጁም ስለዚያች ምሽት፣ ስለ ዶርሙ አልጋ፣ እንባው ስለመጣበት ጸሎት ሲናገር አዳራሹ ጸጥ ይላል። የሰማነው ታሪክ ያው ነው፤ አሁን ግን የዚያ ልጅ ሆነ።

ለመንገድ የምንይዘው ትራክትም ተሰጠን፤ «አራቱ መንፈሳዊ ሕጎች» የምትባለዋ ኪስ የምትገባ መጽሐፍ። ያዘጋጃት ቢል ብራይት የተባለው አሜሪካዊ ሲሆን፣ እሱም እንደ ጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር በ1951 በሎስ አንጀለሱ የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች መካከል አገልግሎት የጀመረ ሰው ነው። ትራክቷ በብዙ ቋንቋ ተተርጉማ ዓለምን ዞራለች። የምትጀምረው እግዚአብሔር ሰውን እንደሚወድ በመናገር ነው። ጋሼ ይህችን ትራክት ሲያከፋፍሉን «ጥሩ መሣሪያ ናት፤ ግን የተጻፈችው ስለ እግዚአብሔር ብዙም ለማይወራበት ግቢ ነው። የምትሄዱበት አገር ሰው ከአልጋው ሲነሳ የሚጠራው ስም የእግዚአብሔርን ነው። ይህን አትርሱ» አሉን።

የእሳቸውን ታሪክ የሰማነው ማታ ማታ ነው። ወጣት ሳሉ ነው ያመኑት። በ1964 ዓ.ም.፣ በንጉሡ ዘመን ማብቂያ ላይ፣ የሙሉ ወንጌል አማኞች ከአምልኮ ላይ በጅምላ ተይዘው የታሰሩበትን ወቅት ያስታውሳሉ። ከዚያ ደርግ መጣ። በሐምሌ 1971 የመካነ ኢየሱስ ዋና ጸሐፊ የነበሩት ቄስ ጉዲና ቱምሳ ከቤተ ክርስቲያን ሲወጡ ተይዘው ተወሰዱ፤ ከአገር የመውጣት ዕድል ቢሰጣቸውም ሕዝቤን ትቼ አልሄድም ብለው የቀሩ ሰው ነበሩ። አስከሬናቸው የተገኘው ደርግ ከወደቀ በኋላ ነው። ብዙ አብያተ ክርስቲያናት ታሸጉ። ምእመናኑ በየቤቱ በትንንሹ ተከፋፍለው፣ አንድ አንድ እያሉ ገብተው አንድ አንድ እያሉ ይወጡ ነበር። ጎረቤት ቢጠይቅ ልደት ነው፣ ለቅሶ ነው ይባላል። ዝማሬው በሹክሹክታ ነው፤ ጭብጨባውም መዳፍ ሳይነካካ።

ጋሼ ይህን ሲያወሩ የሚደጋግሙት አንድ ነገር ነበር። በዚያ ዘመን ለማታውቀው ሰው መመስከር ራስህንም ወንድሞችህንም አሳልፎ መስጠት ነበር። ማን የቀበሌ ሰው እንደሆነ አይታወቅም። ስለዚህ የሥራ ባልደረባህን ለወራት ታየዋለህ፤ ሲታመም ትጠይቀዋለህ፤ ሲያዝን አብረኸው ትቀመጣለህ። አምነኸው አምኖህ ሲያበቃ፣ አንድ ቀን መንገድ ላይ ስትሄዱ ቀስ ብለህ ትነግረዋለህ። ቤተ ክርስቲያኗ ታሽጋ ሳለ አማኙ የበዛው በዚህ ዓይነት ነው። እኛ ግን በ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 27 የእምነት ነፃነት በጽሑፍ በተረጋገጠበት ዘመን ያደግን ልጆች ነን። በጠራራ ፀሐይ መናኸሪያ መሀል ቆመን መናገር እንችላለን። «ነፃነቱን ስታገኙ ትዕግሥቱን እንዳትጥሉት» ይሉን ነበር።

የተመደብነው ደብረ ብርሃን ነው። ከአዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ገደማ በደሴ መንገድ ላይ ያለች፣ ዓፄ ዘርዓ ያዕቆብ በ15ኛው መቶ ዘመን የቆረቆሯት ከተማ። ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2800 ሜትር ከፍታ ላይ ስለሆነች ነሐሴ ላይ ብርዱ አጥንት ይሰብራል። ጉሙ ረፋድ ላይ እንኳ አይገፈፍም። ሕዝቡ አጥባቂ ኦርቶዶክስ ነው። ያረፍነው በከተማዋ ባለች አንዲት ትንሽ የወንጌላውያን ቤተ ክርስቲያን ግቢ ሲሆን፣ እኔና አብሮኝ የተመደበው ልጅ ከመናኸሪያው ጀርባ ያለው ሰፈር ደረሰን።

ጓደኛዬ የሶዶ ልጅ ነው። አያቱ ከወላይታ ቀደምት ወንጌላውያን አንዱ ነበሩ። የእነዚያን ሰዎች ታሪክ እሱ የሰማው ከመጽሐፍ አይደለም፤ እሳት ዳር ተቀምጦ ነው። የውጭ አገር ሚሲዮናውያን ሶዶ የደረሱት በ1920 ዓ.ም. ነው። ጣሊያን አገሩን ሲይዝ፣ በ1929፣ ተገድደው ሲወጡ ትተው የሄዱት የተጠመቀ ምእመን አርባ ስምንት ብቻ ነበር። ወረራው አልፎ ሲመለሱ የጠበቃቸው ምእመን ወደ ዐሥር ሺህ ተጠግቷል። ሚሲዮናዊ በሌለበት፣ መሪዎቹ እየታሰሩና እየተገረፉ፣ ወንጌሉን ከቤት ወደ ቤት ያደረሱት እንደ ጓደኛዬ አያት ያሉ ገበሬዎች ናቸው። ከዚያ በኋላም ሚስቶቻቸውን ይዘው ወደማያውቁት አገር፣ ወደ ጋሞ፣ ወደ ጎፋ፣ ወደ ሌላም ተሻገሩ። «አያቴ አዲስ አገር ሲገቡ መጀመሪያ የሚጠይቁት ሥራ ነው» አለኝ ጓደኛዬ አንድ ቀን። «የሰው እርሻ ላይ አብረው ያርማሉ። ቀኑን ሙሉ አብሯቸው ያረመውን ሰው ማታ ከደጅ አይመልሱትም።»

እኛ የምናርመው እርሻ አልነበረንም። ያለን ትራክትና መጽሐፍ ቅዱስ ነው። የመጀመሪያዎቹ ቀናት ወጣቶች የሚሰበሰቡበት ቦታ ሄድን። ጆተኒ ቤት በር ላይ አንድ የእኛ እኩያ የሆነ ልጅ አገኘን። የሰንበት ትምህርት ቤት ተማሪ ነው። ትራክቷን ተቀብሎ አገላብጦ አየና በትሕትና መለሰልን። «ወንድሞቼ፣ እኔ ክርስቲያን ነኝ። በአርባ ቀኔ ተጠምቄያለሁ፤ እቆርባለሁ። ይህ ከተማ ሺህ ዓመት ስለ ክርስቶስ ሲቀድስ ከኖረ አገር ውስጥ ነው ያለው። እናንተ የምትሰብኩት ለማነው?» አለን።

ከዚህ የከበደ ጥያቄ በዚያ ክረምት አልገጠመኝም፤ ከዚያ በኋላም ቢሆን። ልጁ ለመጣላት አልጠየቀንም። ከልቡ ነው የጠየቀን። ጓደኛዬ ትራክቷን ኪሱ ከተተና «አንተ ስለ ክርስቶስ ምን ታውቃለህ ብለን አልመጣንም። ለእኛ ያደረገልንን ልንነግርህ ነው፤ ካልደከመህ ደግሞ ላንተ ያደረገልህን ንገረን» አለው። ልጁ ትንሽ ዝም ብሎ ቆየ። ከዚያ አባቱ በሞቱ ጊዜ ንስሐ አባቱ ያሉትን፣ ጾም ላይ የሚሰማውን ሰላም ነገረን። እኛም የእኛን ነገርነው። ስለ ጸጋና ስለ ሥራ፣ ስለ አማላጅነት በግልጽ ተነጋገርን፤ አልተስማማንም። ሲለየን ግን እጃችንን ጨብጦ ነው።

ያን ቀን ማታ ብዙ አሰብኩበት። ለክርስቲያን ስለ ክርስቶስ መናገር ስድብ የሚሆነው አያውቀውም ብለን ስንነሳ ነው። የምንወደውን ሰው ጉዳይ እሱን ከሚወድ ሌላ ሰው ጋር መጨዋወት ግን ስድብ የለበትም። እኔ ወንጌል በግል የሚቀበሉት፣ በእምነት ብቻ የሚድኑበት መሆኑን አምናለሁ፤ ያኔም አምን ነበር፤ ዛሬም ይህን ለመናገር አላፍርም። ይህን ለመናገር ግን የዚያን ልጅ ጾምና ቁርባን ማቃለል አያስፈልገኝም። የተሰጠንም መመሪያ ይኸው ነበር፦ በማርያም ስም አትከራከሩ፣ ስለ ታቦት ክፉ አትናገሩ፣ ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ላይ ትራክት አትበትኑ፣ የጾመ ሰው ፊት አትብሉ።

ፍልሰታ ገብቷል። ከነሐሴ 1 እስከ 16 ድረስ ከተማዋ በሙሉ ትጾማለች። ሕፃናት ሳይቀሩ ይጾማሉ። ሰዉ ከቅዳሴ በፊት እህል ውሃ አይቀምስም፤ ቀን ቤት ብታንኳኳ የሚከፍትልህ የለም። እኛም ሰዓታችንን አዛውረን ከቅዳሴ መልስ፣ ወደ ዐሥር ሰዓት ገደማ መውጣት ጀመርን።

አንድ ቀን መንገድ ላይ ሳለን ዝናቡ ወረደ። የደብረ ብርሃን የነሐሴ ዝናብ ከበረዶ ጋር ነው። አንዲት እናት ነጠላቸውን አጣፍተው፣ ጃንጥላ ይዘው ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ አዩን። «ኧረ ልጆቼ በዚህ ዝናብ! ግቡ፣ ግቡ!» አሉን። ማን እንደሆንን አልጠየቁም። ከኋላቸው ተከትለን ገባን።

አንድ ክፍል ቤት ነው። መደብ፣ አጎዛ፣ ግድግዳው ላይ የእመቤታችን ሥዕል፣ ከሥዕሉ ሥር የአንድ የወታደር ልብስ የለበሰ ወጣት ፎቶ። ቆርቆሮው ላይ በረዶው ሲወርድ መናገር አይቻልም። ብንጮህም አንሰማማም። እማማ ከሰሉን አያያዙ፣ ቡናውን አጠቡ፣ መቁላት ጀመሩ። እኛ ዝም ብለን ተቀመጥን። የባቄላ ቆሎ በሰፌድ አቀረቡልን። ጭሱ ዓይናችንን እየቆጠቆጠው፣ የቡናው ሽታ ቤቱን እየሞላ፣ ፎቶውን እያየን ቆየን። ለስርጭት የሠለጠነ ወጣት አፉን ዘግቶ ያን ያህል መቀመጥ አይወድም። በረዶው ግን የሠለጠንበትን ሁሉ ወስዶብን የአንዲትን እናት ጓዳ እንድናይ አደረገን።

አቦሉ ሲቀዳ ዝናቡም ጋብ አለ። ጓደኛዬ ወደ ፎቶው እያየ «ልጅዎ ናቸው እማማ?» አላቸው። አዎን፣ የመጨረሻ ልጃቸው ነው። በ1991 ወደ ጦር ግንባር ሄደ፤ አልተመለሰም። ሌላ ብዙ አልተናገሩም። ከመደቡ ራስጌ፣ ከትራሱ ሥር፣ በጨርቅ የተጠቀለለ መጽሐፍ አወጡ። የ1954ቱ መጽሐፍ ቅዱስ ነው፤ ጥቁሩ፣ እኛም ቦርሳችን ውስጥ የያዝነው። «የሱ ነው፤ እኔ አላነብም፤ ግን እሳለመዋለሁ» አሉን። ከዚያ ቀና ብለው «እናንተ ተማሪ ናችሁ፤ እስቲ አንብቡልኝ» አሉ።

ጓደኛዬ የዮሐንስን ወንጌል 11ኛ ምዕራፍ ገለጠ፤ አልዓዛር ታሞ የሞተበትን፣ ማርታና ማርያም ያለቀሱበትን፣ ጌታችን ራሱ ያለቀሰበትን። ቀስ ብሎ አነበበ። እማማ አገጫቸውን በነጠላቸው ጫፍ ይዘው ያዳምጣሉ። ማርታ ጌታን «ዘገየህብን» በሚመስል ቃል ስትናገረው ራሳቸውን ነቀነቁ። ሲጨርስ «ድገመው» አሉት። ደገመው። ጌታ ስለ ትንሣኤ የተናገረው ጋ ሲደርስ አስቆሙትና «ይህን ለኔም ብሎታል?» አሉ። «አዎ እማማ፣ ለእርስዎም ብሎታል» አለ ጓደኛዬ። የእሱም ድምፅ ተሰብሮ ነበር። ከዚያ በሦስት ደቂቃ ሳይሆን በሦስት ስኒ ቡና፣ ከአቦል እስከ በረካ፣ ክርስቶስ ሞትን ስለማሸነፉ፣ በእሱ ያመነ ሁሉ ተስፋ እንዳለው፣ ያንን ተስፋ እኛ እንዴት እንዳገኘነው ነገርናቸው።

ጴንጤ መሆናችን ሲገባቸው ተደነቁ እንጂ አልተቆጡም። «ማርያምን አትወዱም ይላሉ፤ እውነት ነው?» ብለው ጠየቁን። መልሱ ለእኔ ደረሰ። የጌታችን እናት እንደሆነች፣ ከሴቶች ሁሉ የተባረከች እንደሆነች እንደምናምን፣ የምንጸልየው ግን ወደ ልጇ ብቻ እንደሆነ ሳልሸሽግ ነገርኳቸው። አሰቡበት። «እንግዲያው የማርያም ልጅ ይፍረድ» አሉ። ልንጸልይልዎት ወይ ስንላቸው ተነሱ፤ ነጠላቸውን አስተካከሉ፣ አማተቡ፣ ቆሙ። ጸለይን። ስንወጣ «የማርያም ልጅ ይባርካችሁ፤ እናታችሁን እንዳትረሱ» ብለው መረቁን። ከዚያ በኋላም ሁለታችን በየጊዜው እየሄድን አነበብንላቸው። ሌላ እምነት አልያዙም፤ እኛም ያንን ለመቁጠር አልሄድንም። የዮሐንስን ወንጌል ግን ከልጃቸው መጽሐፍ ላይ ሰምተው ጨርሰዋል።

ማታ ማታ ስንሰበሰብ፣ አብረውን የነበሩት ጋሼ የሚይዙት ደብተር ነበር። ሪፖርት ሲባል ለስንት ሰው መሰከርን፣ ስንት ሰው ጌታን ተቀበለ የሚል ቅጽ ለምደናል። የሳቸው ደብተር ላይ የሚሰፍረው ሰዎች የጠየቁን ጥያቄ ነው። «ለምን ትጮኻላችሁ?» «ስንት ይከፍሏችኋል?» «አባትህ ሲሰማ ምን አለ?» «ይሄ የፈረንጅ ሃይማኖት አይደለም ወይ?» በየማታው አንዱን ጥያቄ አንስተን እስኪደክመን እንነጋገርበታለን። መልሱን በቃል አስይዘውን አያውቁም። ጥያቄው የመጣበትን ሰው ግን እንድናስታውስ ያደርጉናል፤ የት ነው የሚሠራው፣ ምን ሲል ፊቱ ተለወጠ፣ ነገ ብታገኙት መጀመሪያ ምን ትሉታላችሁ።

«ስንት ይከፍሏችኋል?» የሚለውም የፈረንጅ ሃይማኖት የሚለውም ጥያቄ የመጣው ከከተማዋ የብርድ ልብስ ፋብሪካ ሽፍት ጨርሶ ከሚወጣ አንድ ሠራተኛ ነው። ያን ማታ ጋሼ ታሪክ አወሩን። መጽሐፍ ቅዱስን መጀመሪያ ወደ አማርኛ የመለሰው አቡ ሩሚ ኢትዮጵያዊ እንደነበረ፣ ሥራውንም የሠራው በ19ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ ላይ ካይሮ ውስጥ እንደሆነ ነገሩን። መጽሐፍ ቅዱስ በኦሮምኛ እንዲነበብ ያደረጉት ኦኔሲሞስ ነሲብና አስቴር ጋኖ ከባርነት ነፃ የወጡ የዚህችው አገር ልጆች መሆናቸውን፣ ሙሉው መጽሐፍም እንደ ጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር በ1899 እንደታተመ ነገሩን። ጓደኛዬም የአያቱን ታሪክ ጨመረ። በማግስቱ ያንን ሠራተኛ ፋብሪካው በር ላይ ጠብቀን፣ ሻይ ቤት ገብተን ይህን ሁሉ አጫወትነው። የሻዩን ሒሳብ እሱ ካልከፈልኩ ብሎ ሞተ። «እናንተ ተማሪዎች ናችሁ፤ እኔ ደመወዝተኛ ነኝ» አለ። ስንት እንደሚከፈለን ሲጠይቀን የነበረ ሰው የራሱን ብር አወጣልን።

መናኸሪያው አጠገብ ሱቅ ያላቸው አንድ ሙስሊም አባት ደግሞ ዝናብ በመጣ ቁጥር በረንዳቸው ላይ ያስጠልሉን ነበር። የሶላት ሰዓት ሲደርስ «ሱቁን እዩልኝ» ብለውን ይሄዳሉ። ብዙም ስለ ሃይማኖት አላወራንም። አንድ ቀን ግን «ወጣት ሆናችሁ በክረምት ብርድ ፈጣሪን ብላችሁ መውጣታችሁ ደስ ይለኛል። ስለ ዒሳ የምታምኑትን እስቲ ንገሩኝ» አሉን። ነገርናቸው። እሳቸውም የሚያምኑትን ነገሩን። ይህ ንግግር የመጣው ሱቁን አምነው ከተዉልን በኋላ ነው፤ አስቀድሞ ቢሆን ኖሮ የሚሆን አይመስለኝም።

የክረምቱ አገልግሎት አልቆ አዲስ አበባ ስመለስ ፍልሰታ ተፈቷል። እናቴ ኦርቶዶክስ ናት፤ ጾሟን በሙሉ የምትጾም፣ ጠዋት ኪዳን የማታስታጉል ሴት። እኔ ጴንጤ ከሆንኩ ወዲህ ስለ እምነት የምናወራበት መንገድ ተዘግቶ ነበር። እሷ እንዳላዝን ትተወዋለች፤ እኔም እንዳላስቀይማት እተወዋለሁ። ደርሼ ከተቀመጥኩ በኋላ ስለ ደብረ ብርሃኗ እናት ነገርኳት፤ ስለ ፎቶው፣ ስለ መጽሐፉ፣ ስለ በረዶው። እናቴ አለቀሰች። «ምን አነበባችሁላት?» አለችኝ። አወጣሁና ለሷም አነበብኩላት። ከዚያ ቀን ጀምሮ አብረን ማንበብ ጀመርን። እሷ በእምነቷ፣ እኔም በእምነቴ ነን። ግን ስለምወደው ጌታ ለእናቴ ሳልፈራ የምናገርበት በር የተከፈተው፣ የማላውቃት እናት በር ከፍታ ካስገባችን በኋላ ነው።

የ1987ቱ የሕዝብ ቆጠራ የፕሮቴስታንቱን ቁጥር ከመቶ 10.2 አድርሶት ነበር፤ የ1999ኙ ደግሞ 18.6 አለው። ይህን ቁጥር ሰዎች በብዙ መንገድ ይተነትኑታል። እኔ ግን በተጠቀሰ ቁጥር የማስበው የገበሬ እርሻ ላይ ያረሙትን የወላይታ ሽማግሌዎች፣ በደርግ ዘመን ባልደረባቸውን ለወራት የታገሡትን ጋሼን፣ በየከተማው እንደ እኛ ያሉትን ያስጠለሉ በረንዳዎች ነው። ቁጥሩ የመጣው በእንግድነት ነው። ጌታም ሰባዎቹን ሲልክ ከረጢትና ኮሮጆ ሳይዙ እንዲሄዱ፣ የገቡበት ቤት ያቀረበላቸውን እንዲበሉ ያዘዛቸው ለዚህ ይመስለኛል። የሚሰጡት ነገር ያላቸው ሰዎች መጀመሪያ የሚቀበሉ ሆነው እንዲገቡ ነው።

ዛሬ ወንጌል በስልክ ይሄዳል። ወጣቶቻችን ቲክቶክ ላይ ይሰብካሉ፤ የሃይማኖት ክርክር በቀጥታ ሥርጭት ሺዎች ይከታተሉታል፤ ታክሲ ተራ ላይ ድምፅ ማጉያ ይዞ የሚቆመው ብዙ ነው። በስልክ የሰሙትን ቃል ይዘው የዳኑ ሰዎች አውቃለሁ፤ እግዚአብሔር የሚጠቀምበትን መንገድ እኔ አላጠብበውም። የሚያሳዝነኝ ግን አለ። ማይክ የያዘ ሰው እንግዳ መሆን አይችልም። የሚሰማውን ሰው ጓዳ አያይም፤ ግድግዳው ላይ የማን ፎቶ እንደተሰቀለ አያውቅም። ክርክር ያሸነፈ ሰው ቤት የሚያስገባው አያገኝም። በአሁኗ ኢትዮጵያ፣ ሰው ከሰው በብሔርም በሃይማኖትም በሚፈራራበት ጊዜ፣ ወደማያውቁት ሰፈር ሄዶ፣ ከማያውቁት ሰው ቤት ቁጭ ብሎ፣ ሰምቶ፣ ተናግሮ፣ ተመራርቆ መለየት ከማንኛውም ጊዜ ይልቅ ያስፈልገናል።

አሁንም በየዓመቱ ሰኔ ሲያልቅ ለስርጭት የሚወጡ ተማሪዎችን እንዳነጋግር ስጋበዝ እሄዳለሁ። ትራክታችሁን ያዙ፣ ምስክርነታችሁን ተለማመዱ፣ ስለ ክርስቶስ በድፍረት ተናገሩ እላቸዋለሁ፤ የምናምነውን መሸሸግ ፍቅር አይደለምና። ከዚያ አንድ ነገር እጨምርላቸዋለሁ። ቡና ሲፈላ አትቸኩሉ፤ ሦስተኛው ሳይጠጣ አትነሱ። ያስገባችሁን ሰው ስም ያዙ፤ የነገራችሁን ኀዘን በጸሎት አስቡት። ከተማውን ለቃችሁ ከመሄዳችሁ በፊት ደግሞ ተመልሳችሁ ደህና ሰንብቱ በሉት።